የአሮጊቷ ጉልበት ሐዲድ

ትራሙ የዓሣ ገበያውን ቁልቁለት ጨርሶ ወደ ወደቡ ሊታጠፍ ሲል ወንዶቹ ይወርዱ ነበር። የሚያዛቸው አልነበረም። ነጂው ገሪብ ደወሉን ሁለቴ ሲመታ ጋዜጣ የሚያነበው ጋዜጣውን ያጥፋል፣ ቆሞ የሚያንጎላጀው ይባንናል፣ ከዚያ ሁሉም ወርደው ከሠረገላው ጎን ጎን አርባ ሜትር ያህል በእግራቸው ይሄዳሉ። ሴቶችና አቅመ ደካሞች ተቀምጠው ይቀራሉ። ትራሙ እያቃሰተ፣ ወደ ግራ እያዘመመ ኩርባውን ሲጨርስ ወንዶቹ ተመልሰው ይሳፈራሉ፤ ጋዜጣውም ካቆመበት ይቀጥላል። የእስክንድርያ ባሕሪ ሰፈር ሰው ያንን ኩርባ «የአሮጊቷ ጉልበት» ይለው ነበር፤ በታጠፈ ቁጥር ስለሚጮህ።

ሸክም ማቅለሉ ሁልጊዜ አይበቃም። በየክረምቱ ሦስት አራት ጊዜ አንደኛው ሐዲድ ይሰምጥና መንኮራኩሩ ከሐዲዱ ቦይ ዘሎ የመንገዱ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ለዚያ ቀን የሚሆኑ ስምንት ወፋፍራም ሳንቃዎች በፈትሒ ቡና ቤት ግድግዳ ተደግፈው ይኖራሉ። ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን እንደተደረደረ ትተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሳንቃውን ከሥሩ ሸጉጠው ሠረገላውን ወደ ቦታው ይመልሱታል። ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው ደግሞ ለሳምንት ያወሩታል።

ሰው ከጉድለቱ ጋር የሚኖረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ይታገሠዋል፣ ቀጥሎ ሥርዓት ያበጅለታል፣ በመጨረሻም ሥርዓቱን ከመውደዱ የተነሣ ጉድለቱን ሊያስወግድለት የመጣውን በጥርጣሬ ያያል። ኢንሺራሕ ደሱቂ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። መጀመሪያ የምታውቀው ሐዲዱን ነበር።

የተወለደችው ከኩርባው ሦስተኛው ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ካቦ ደሱቂ ለትራሙ መሥሪያ ቤት ሐዲድ የሚዘረጋውን ቡድን ሠላሳ ዓመት መርቷል። በራቸው በንፋስ እንዳይዘጋ የሚይዘው ክንድ የማይሞላ የሐዲድ ቁራጭ ነበር፤ ልጅቷ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት የዚያን ብረት ጫፍ በወረቀት ላይ አስደግፋ በከሰል ዙሪያውን ትስል ነበር። ሰፊ እግር፣ ቀጭን ወገብ፣ ከላይ ክብ ራስ፤ ከራሱ አጠገብ መንኮራኩሩ የሚገባበት ቦይ። «ይህቺ ልጅ ሐዲድ ልታገባ ነው» ይላት ነበር አባቷ። አላገባችም፤ ሐዲድም ሰውም። በልብስ ስፌት ቤት እየሠራች፣ ከሥራ መልስ የንድፍ ትምህርት ተምራ፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ መሥሪያ ቤቱ በገልባጭነት ቀጠራት።

ገልባጭ ማለት ሌላው የነደፈውን በሰም ጨርቅ ላይ በቀለም መልሶ የሚያሰምር ነው። በእያንዳንዱ ንድፍ ታችኛው ጥግ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ «ነዳፊ» ይላል፣ ሌላው «ገልባጭ»። ኢንሺራሕ በሁለተኛው ሣጥን ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ስሟን ጻፈች። እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ መስመሯ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለነበር ኢንጂነሮቹ ሁሉ ሥራቸው ለእሷ እንዲደርስ ይሻሙ ነበር። ሌላ ነገር ግን ማንም አልጠየቃትም። የመቶዎችን ሐሳብ በእጇ ያሳለፈች ሴት የራሷ ሐሳብ ሊኖራት እንደሚችል ማሰብ የማንም ሥራ አልነበረም።

የአስዋን ግድብ ሥራ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ በመስከረም፣ አንድ ንድፍ ጠረጴዛዋ ላይ አረፈ። የባሕሪ መስመር ነበር። ከገበያው በላይ ካለው አደባባይ ወዲያ የሚወርደው ሐዲድ በቀይ ተሰርዟል፤ የአሮጊቷ ጉልበትም አብሮ። በሚያዝያ ይነቀላል፣ ትራሙ አደባባዩ ላይ ይቆማል፣ ገበያውና ወደቡ ያለ ትራም ይቀራሉ። መሥሪያ ቤቱ ኩርባውን ሦስት ጊዜ አድሶ ሦስቴም ስለሰመጠበት ሰልችቶት ነበር። ቀዩን መስመር በሰም ጨርቁ ላይ ማስመር የኢንሺራሕ ድርሻ ሆነ። ብዕሯን ቀለም ውስጥ ነከረች፤ ከዚያ ጠርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ የተጠበሰ ቡሪ ዓሣ ነበር። ኢንሺራሕ ዳቦዋን ቆርሳ ይዛ ቀረች።

«ምን ሆነሻል? ዓሣው አፈጠጠብሽ እንዴ?» አላት አባቷ።

«ኩርባውን ሊነቅሉት ነው አባዬ።»

ካቦ ደሱቂ እጁን ከሳህኑ አላነሣም። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ከዚያ በፊት ነበር ጡረታ የወጣው። «ይንቀሉት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተጋዳሚ እንጨት ሳበላው ኖርኩ። ሐዲዱ የሚተኛበትን እንጨት ዛሬ ታጋድማለሽ፣ በዓመቱ ከሥሩ አሸዋው የለም። ባሕሩ ነው የሚበላው።»

«ባሕሩ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ስንቆፍር ከእንጨቱ ሥር የዓሣ ቅርፊት በእፍኝ እናወጣ ነበር። ባሕሩ በአሸዋው ውስጥ ለውስጥ ይመጣል ማለት ነው። ልጆቹ፣ አሮጊቷ ዓሣ በልታ ነው እያሉ ይስቁ ነበር።»

ኢንሺራሕ ሳህኑ ላይ የተጋደመውን ቡሪ አየችው። ጠዋት ራሷ ናት በቢላ የፋቀችው፤ ቅርፊቱ አሁንም ጥፍሯ ውስጥ ነበር።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዓሣ ሲዋኝ ቅርፊቱን ያራግፋል እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቅርፊት የሚያወርደው ቢላ ነው።»

ካቦ ደሱቂ ማኘኩን አቆመ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በእጁ ያልዳሰሰው የኩርባው ክፍል አልነበረም፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን ማንም አንሥቶበት አያውቅም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ገበያው ሄደች። እመት ሸለቢያ ከዓሣ ሻጮቹ ሁሉ አንጋፋዋ ናት፤ ክንዷ እንደ መርከበኛ፣ ድምፅዋ እንደ መርከብ። ዓሣ ስትፍቅ ቆይታ፣ የቀለጠ በረዶና ቅርፊት የሞላበትን ገንዳ አንሥታ በሐዲዱ ቦይ ላይ ገለበጠችው። ውኃው ቦዩን ይዞ ቁልቁል እየተንደረደረ ሄደ። ኢንሺራሕ ተከተለችው። ኩርባው ላይ፣ ሁለት ሐዲዶች በሚገጣጠሙበት ስንጥቅ፣ ውኃው ቀጥ ብሎ ወደ ምድር ገባ። ቅርፊት ብቻ ተንጠባጥቦ ቀረ።

ተመልሳ መጣች። «እማማ ሸለቢያ፣ ይህን ውኃ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚደፉት?»

«ታዲያ ልጠጣው? መንግሥት ቦይ ሳያወጣልን ትራሙ አወጣልን። ቀጥ ያለ፣ ቁልቁል የሚወርድ፣ በብረት የተለበጠ። እናቴም እዚሁ ነው የደፋችው። አንቺ የደሱቂ ልጅ አይደለሽም? ዓሣ ግዢ ወይም ዞር በይ፣ ገበያዬን ጋረድሽኝ።»

ከመሥሪያ ቤት ለምርመራ የሚመጡት ሰዎች ይህን አይተው አያውቁም። የሚመጡት ዓርብ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ትራሙ ይቀንሳል፣ ገበያው ይዘጋል፣ መንገዱ ነፃ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ የለኩት፣ ለመለካት የሚመች ደረቅ ሐዲድ ነበር። እውነትን በሚመቸን ቀን ብቻ ስንጎበኛት ቤቷን አፅድታ ትጠብቀናለች።

ኢንሺራሕ የመሥሪያ ቤቱን የአደጋ መዝገብም አገላበጠች። እስክንድርያ ውስጥ የክረምት ማዕበል ሁሉ ስምና ቀን አለው፤ ዓሣ አስጋሪው በቃሉ ያውቀዋል። ትራሙ ከሐዲዱ የወጣባቸው ቀኖች ከማዕበሉ ቀን ጋር ይገጥማሉ ይባል ነበር። አይገጥሙም። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ዘግይተው ነው፤ ታስረው የሰነበቱት ጀልባዎች ወጥተው በሞላ መረብ ሲመለሱና ገበያው በአንድ ቀን የሳምንት ዓሣ ሲፍቅ።

ለአሥር ቀን ከሥራ በኋላ ነደፈች። ከዚያ ጥቅሏን ይዛ ኢንጂነር ዐዝሚ ፊት ቆመች። ሦስቱንም እድሳት የነደፈው ዐዝሚ ነበር፤ መልካም ሰው ነው፣ ግን ሦስት ጊዜ የተሸነፈ ሰው አራተኛ ጊዜ ስለዚያው ጉዳይ መስማት አይወድም። ቢሆንም የቅርፊቱን ነገር ስትነግረው መነጽሩን አወለቀ።

«እንግዲህ ፖሊስ እንልካለን» አለ። «ውኃ የደፋ ይቀጣል።»

«ጌታዬ፣ ፖሊሱም ዓሣ የሚገዛው ከእነሱ ነው።»

ዐዝሚ ሳይፈልግ ፈገግ አለ። «ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?»

«ይድፉ። ሐዲዱ ይቻለው።»

ጥቅሉን ዘረጋችው። ከኩርባው በላይ የቦዩ ወለል እንደ ጣት በቀጠነ መስኮት ይከፈታል፤ ከሥሩ የብረት ሣጥን አለ፤ ከሣጥኑ ቱቦ ወጥቶ ውኃውን ወደ ወደቡ ግንብ ይወስደዋል። ኩርባው ላይ ደግሞ ተጋዳሚ እንጨት የለም። በእያንዳንዱ ሐዲድ ሥር ርዝመቱን ተከትሎ የሚሄድ የኮንክሪት ቢም፣ እንደ ወጋግራ ያለ ረጅም ተሸካሚ፣ አለ፤ ሁለቱ ቢሞች እንዳይራራቁ በብረት ዘንግ ተያይዘዋል።

ዐዝሚ ረጅም ጊዜ አየው። ጣቱ በመጨረሻ ታችኛው ጥግ ላይ አረፈ። «ገልባጭ» በሚለው ሣጥን ስሟ አለ። «ነዳፊ» የሚለው ባዶ ነው።

«ይህን ማን ነደፈው?»

«አልተጻፈበትም ጌታዬ።»

«እሱንማ አያለሁ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ሲሚንቶ ሁሉ ወደ አስዋን እየሄደ ነው። ከግምጃ ቤት የተራረፈውን ልለምንልሽ እችላለሁ፤ አርባ ሜትር፣ ከዚያ አይበልጥም። ታላቁ ፈይዳ የሚሉት ማዕበል በጥር ነው። ማዕበሉ አልፎ፣ ጀልባዎቹ ተመልሰው፣ ሙሉ ትራም ሲያልፍበት መሣሪያ አቁሜ እለካለሁ። ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከሰመጠ ያንን ቀይ መስመር ራስሽ ትገለብጪዋለሽ።»

«እገለብጠዋለሁ» አለች።

ሥራውን የሚመራ ሰው ሲፈለግ ከካቦ ደሱቂ ሌላ አልተገኘም። በርጩማ ተዘጋጅቶለት ኩርባው ላይ ተቀመጠ፤ ንድፉን ግን አልወደደውም።

«ሐዲድ ወዲህ፣ እንጨት ወዲያ ተሻግሮ ነው ወጉ» አለ ሠራተኞቹ እየሰሙ። «መሸከሚያው ከተሸካሚው ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ የት አየሽ?»

«ከአንዱ ተጋዳሚ ሥር አሸዋው ሲሸሽ ምን ይሆናል አባዬ?»

«ይንጠለጠላላ።»

«ከዚያ ሐዲዱ ነው እንጨቱን የሚሸከመው። ቢሙ ግን ከሥሩ አንድ ክንድ ቢጎድልበት እንደ ድልድይ ይሻገረዋል።»

«ድልድይ፣ ከመሬት በታች።»

«አዎ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ዲጂኖውን ተደግፎ፣ «ካቦ፣ ልጅህ ድልድዩን ቀበረችው። ወንዙንስ ከየት ልታመጣ ነው?» አለ።

«ወንዙን ሸለቢያ ትደፋልሃለች» አለ ደሱቂ። «ቆፍር አሁን።»

ንድፉን ባይወድም አንድ ጣት ያህል አላዛነፈባትም። ኮንክሪቱ ሲደርቅ በየማለዳው እያነከሰ ወጥቶ በከዘራው ጫፍ ያንኳኳው ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ግን አዲሱ ሐዲድ ላይም መውረዳቸውን አልተዉም። ሳንቃዎቹም ከፈትሒ ግድግዳ አልተነሡም።

ታላቁ ፈይዳ በቀኑ መጣ። ሦስት ቀን ባሕሩ ግንቡን ተሻግሮ መንገዱን አጠበው፤ ጀልባዎቹ እርስ በርስ ታስረው ተንጫጩ። በአራተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ፣ ጀልባዎቹ ወጡ፣ በማግሥቱ እስከ አፋቸው ሞልተው ገቡ። ገበያው ከዳር እስከ ዳር ቢላ በቢላ ሆነ። ኢንሺራሕ ከዐዝሚ ጋር ኩርባው ላይ ስትደርስ ቦዩ በቅርፊት ያብረቀርቅ ነበር። ዐዝሚ ባለ ሦስት እግር የመለኪያ መነጽሩን ከፈትሒ በር አጠገብ አቆመ፤ ዶሚኖ ተጫዋቾቹም ወንበራቸውን አዙረው፣ እጃቸው ሳንቃው ላይ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ተቀመጡ።

ገሪብ ከላይ መጣ። ትራሙ በሰው ጢቅ ብሎ ነበር፤ ከማዕበል በኋላ ዓሣ ርካሽ ስለሆነ ከተማው በሙሉ የወረደ ይመስላል። ገሪብ ደወሉን ሁለቴ መታ። ወንዶቹ ወረዱ። ሠረገላው ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሦስት ሴቶችና አንድ ዓይነ ስውር ብቻ ይዞ ኩርባውን አለፈ።

«አልተንቀሳቀሰም» አለ ዐዝሚ ከመነጽሩ ሳይነሣ። «ግን ባዶ ሠረገላ ምን ይመሰክራል? የተባለው ሙሉ ትራም ነው።»

ኢንሺራሕ ገሪብን ትራሙን ወደ ላይ እንዲመልሰው ለመነችው፤ መለሰው። ወደ ወንዶቹ ዞረች። «ወንድሞቼ፣ ይህችን አንዴ ተቀምጣችሁ እለፉ።»

 አንድ ጋዜጣ የያዘ ሰው፣ «እህቴ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለ።

«ለአርባ ሜትር?»

«አባቴም እዚህ ወርዶ ነው የሚሄደው። ጤነኛ ሆኖ ነው የሞተው።»

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኢንሺራሕ የኮንክሪቱን ክብደት፣ የብረቱን ውፍረት፣ የውኃውን መንገድ ሁሉ አስልታ ነበር፤ የሰውን እግር አላሰላችም። ዐዝሚ ሰዓቱን አየ። ያለ ሸክም መለካት አይቻልም፤ ሳይለካ ከቀረም ሚያዝያ ይመጣል፣ ቀዩ መስመር ይሰመራል።

እመት ሸለቢያ ከገበያው አፍ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ነበር። ቢላዋን መደቧ ላይ ሰካችው።

«እናንተ፣ ሳንቃ መሸከም የለመደ ትከሻችሁን ይዛችሁ ቁሙ» አለች። ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሣጥኖቹን አንሡ።»

ዓሣ ሻጮቹ ተከታትለው ወጡ። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በበረዶ የተሞሉ የሰርዲን ሣጥኖች ተሸክመው፣ ትራሙን ከወለሉ እስከ መስኮቱ ሞሉት፤ ራሳቸው ደግሞ ሣጥኖቹ ላይ ተቀመጡ። ገሪብ፣ ሠረገላው ዓመት ሙሉ ሊሸት ነው ብሎ አጉረመረመ። እመት ሸለቢያ መጨረሻ ወጥታ መወጣጫው ላይ ቆመች፤ መንገድ ዳር በርጩማው ላይ ወደተቀመጠው ካቦ ደሱቂ አየች።

«አንተስ ሽማግሌው? የሠራኸውን አታምነውም?»

«ጉልበቴ…»

«ሠላሳ ዓመት እዚህ እየወረድክ ነው ጉልበትህ ያለቀው። ና ውጣ።»

ደሱቂ ልጁን አየ።  ከዘራውን ለፈትሒ ሰጠ፣ የሸለቢያን እጅ ይዞ ወጣ፤ የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ከሁለት ሣጥን ሰርዲን መካከል ተቀመጠ።

ገሪብ ደወሉን አልመታም። ፍሬኑን ለቀቀ። ሠረገላው ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ኩርባው ገባ። ከገበያው እስከ ቡና ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ጩኸት ጠበቀ፤ የተሰማው ግን የመንኮራኩሩ ሹክሹክታና በሣጥኖቹ ውስጥ የበረዶው ኳኳታ ብቻ ነበር። አርባው ሜትር አለቀ። ወንዶቹ ከልምዳቸው ጎን ጎን እየሄዱ ነበር፤ ሊሳፈሩ እጃቸውን ሲዘረጉ ቦታ አልነበረም።

ዐዝሚ ከመነጽሩ ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ፣ እንደገና ቀና አለ።

«አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ወረደ» አለ።

«ከዚያስ?» አለች ኢንሺራሕ።

«ከዚያ ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ። አሁን ከመጀመሪያው ቦታው ነው።» ይህን ያለው እንደ ኢንጂነር አልነበረም፤ ለሦስት ጊዜ ሽንፈቱ ምሕረት እንዳገኘ ሰው ነበር።

እመት ሸለቢያ ወርዳ፣ ገንዳዋን አንሥታ፣ የኢንጂነሩ ጫማ አጠገብ ቦዩ ላይ ገለበጠችው። ውኃው ተንደረደረ፣ ቀጭኑ መስኮት ላይ ደርሶ ተሽከረከረና ሰጠመ። ጥቂት ቆይቶ ከታች በወደቡ ግንብ በኩል ሲንዶለዶል ተሰማ። ሸለቢያ አንገቷን አዘንብላ አዳመጠችው፤ «ይሄ ደህና ቦይ ነው» አለች።

ካቦ ደሱቂ ግን አልወረደም። ትራሙ እስከ ወደቡ ሄዶ ሲመለስም ከሰርዲኑ መካከል እንደተቀመጠ ነበር። ሠላሳ ዓመት የዘረጋውን ሐዲድ ቁጭ ብሎ ሲያልፍበት የመጀመሪያው ነው። ኢንሺራሕ ከዘራውን ይዛለት ስትቀርብ፣ «አንዴ እንደገና ልዙር» አላት።

ንድፉ ለመዝገብ ቤት በሰም ጨርቅ ተገልብጦ መግባት ነበረበት፤ የገለበጠችው ኢንሺራሕ ናት። ዐዝሚ ሊፈርም ሲመጣ ሁለቱንም ሣጥኖች ተሞልተው አገኛቸው፤ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ በአንድ ስም።

«መዝገብ ቤቱ ይህን አይቶ ይንጫጫል» አላት።

«ይንጫጫ።»

ፈረመ።

ከዚያ በኋላ በከተማው አሥራ አንድ ኩርባዎች እሷ በነደፈችው ቢም ላይ ተኙ፤ ስሟ «ነዳፊ» በሚለው ሣጥን፣ የሌሎች ስም ደግሞ «ገልባጭ» በሚለው ገባ። ሚያዝያ መጥቶ ሄደ፣ የባሕሪ ሐዲድ ከቦታው አልተነቀለም። ፈትሒ ስምንቱን ሳንቃዎች ሁለት ክረምት ጠብቆ በሦስተኛው አስጠርቦ ለቡና ቤቱ ረጅም መቀመጫ አሠራቸው። ዶሚኖ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። አሁን ከሰዓት በኋላ እዚያው ላይ ተደርድረው ትራሙ ሲታጠፍ ያያሉ፤ ከአንዳንዱ ትራም አሁንም አንድ ሽማግሌ ጋዜጣውን አጥፎ ይወርዳል፣ አርባውን ሜትር ጎን ጎን ይሄዳል፣ መልሶ ይሳፈራል። ኢንሺራሕም ከሥራ ስትመለስ በዚያው ትራም መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ታልፈዋለች፤ ሰላም ስትለው ባርኔጣውን አንሥቶ ይመልስላታል።